አጎቴን ስለ ሽታው ብቻ ጠየቁት (ለየት ያለ ሥራ ያላቸው ሰዎች ቲቪ ላይ ሲቀርቡ)

ሰላም ጤና ይስጥልኝ የቤቱ ልጆች። ባለፈው ሐሙስ ማታ የከፈትኩት ክር መልሱ 30 አልፏል፣ ከመሀል የገባ ሰው ደግሞ ወሬው በጉ ነው ጅቡ ነው ሽንት ቤቱ ነው እያለ ግራ እየተጋባ ስለሆነ ማን ምን እንዳለ በየቁጥሩ እየጠራሁ እዚህ ላስቀምጠው። የማንንም ጽሑፍ አልገለበጥኩም፣ በራሴ አነጋገር ነው፣ ያዛባሁት ካለ ባለቤቱ ያርመኝ።

መነሻው የኔ ጥያቄ ነበር። ቲቪያችን ለየት ያለ ሥራ የሚሰራ ወይ ለየት ያለ ነገር የሚወድ ተራ ሰው ሲያቀርብ ሥራው እንዴት እንደሚሰራ ለምንድነው የማይጠየቀው የሚል። ያነጻጸርኩት ከአሜሪካው ደርቲ ጆብስ ጋር ነው፣ ዲስከቨሪ ላይ ማይክ ሮው የሚባለው ሰውዬ ፍሳሽ ቱቦ ውስጥ፣ አሳማ እርባታ ውስጥ፣ የሌሊት ወፍ ኩስ የሞላበት ዋሻ ውስጥ ሳይቀር እየገባ ባለሙያው ስር የአንድ ቀን ጀማሪ ሆኖ የሚሰራበት። እዛ ባለሥራው አስተማሪ ነው፣ ጋዜጠኛው ተማሪ። እኛ ጋ ሲመጣ ባለሥራው ወይ ይታዘንለታል ወይ ጉድ ይባልለታል፣ ከዛ ያልቃል።

ይሄን ያስነሳኝ አጎቴ ነው። የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ አዲስ አበባ ሽንት ቤት በሚመጥ መኪና ላይ 19 ዓመት ሰርቷል። ዘንድሮ አንድ ጣቢያ (ስሙን አልጠራም) ፕሮግራም እንስራብህ ብለው መጡ። እሱ ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ነው የተዘጋጀው፣ የቱቦውን መጋጠሚያ ብረት በናፍጣ በራሰ ጨርቅ እስኪያበራ ወለወለው፣ የቱን ቀድሞ የቱን ቀጥሎ እንደሚያሳያቸው ለሚስቱ ሁሉ ነግሯታል፣ ጠዋት ከቱታው ስር የተተኮሰ ሸሚዝ ለበሰ። ግማሽ ቀን ቀረጹት። የተጠየቀው ግን ሽታውን እንዴት እንደቻለው፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት የአባታቸው ሥራ ሲጠየቁ ምን እንደሚመልሱ፣ ማታ ሲገባ ሚስቱ ምን እንደምትለው ነው። የተላለፈው 6 ደቂቃ ነበር፣ ከኋላ ዋሽንት እየተነፋ፣ እጁን ሲታጠብ በቀስታ እያሳዩት። ቱቦው አንዴም አልታየም። አብረን ነበርን የምናየው፣ ሳያልቅ ተነስቶ ወጣ፣ በር ላይ ጫማውን ሲያደርግ ማሰሪያውን ሁለቴ አስሮ ሁለቴ ፈታው።

መልስ 1 ሲያትል ያለ ወንድማችን ነው፣ በጣም በጨዋ ነው የጀመረው። በፈረንጆቹ 2006 (የአሜሪካኖቹን ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) አሜሪካ እንደገባ ከሦስት ልጆች ጋር ቤዝመንት ውስጥ ሲኖሩ እንግሊዝኛው ገና ስላልገባቸው ዜናም ፊልምም ይከብዳቸው ነበር፣ ደርቲ ጆብስ ግን የእጅ ሥራ ስለሆነ ያለ ቋንቋ ይገባቸው እንደነበር አጫወተን። ደስ ይለው የነበረው ማይክ ሮው ሲሳሳት ነው፣ ባለሥራው እየሳቀ አካፋውን ተቀብሎ እንዲህ ነው ብሎ ሲያሳየው። ሰውየው ቀድሞ ባልቲሞር ኦፔራ ይዘፍን እንደነበር፣ ሌሊት ደግሞ ኪው ቪ ሲ የሚባል የዕቃ መሸጫ ቲቪ ላይ ዕቃ ይሸጥ እንደነበር፣ የፕሮግራሙ ሐሳብ ሳንፍራንሲስኮ አንድ ጣቢያ ላይ በአያቱ ምክንያት እንደተጀመረም ከሱ ነው የሰማሁት። አያትየው ብዙም ያልተማረ ግን ምንም የተሰበረ ነገር የሚጠግን ሰው ነበር።

መልስ 2 ትክክል ነህ ብቻ ነው። መልስ 3 አርሞኛል፣ እኔ ፕሮግራሙ በ2012 አልቆ ቀረ ብዬ ነበር፣ ለካ በ2022 አዳዲስ ክፍሎች ይዞ ተመልሷል። አመሰግናለሁ፣ መነሻው ጽሑፌ ላይ አስተካክያለሁ።

መልስ 4 ላይ የገቡት አባት ናቸው፣ ጋሼ ነው የምላቸው ይፍቀዱልኝ። በሱዳን አድርገው በ1981 ዋሽንግተን ሲገቡ ቤተክርስቲያን ነበር የተቀበላቸው፣ ረቡዕ ረቡዕ ማታ ከተቀበላቸው ቤተሰብ ጋር ቁጭ ብለው ኤንቢሲ ላይ ሪል ፒፕል የሚባል ፕሮግራም ያዩ ነበር። ከ1979 እስከ 1984 የታየ ነው፣ አገር ለአገር እየዞሩ ለየት ያለ ነገር የሚያደርግ ተራ ሰው እየፈለጉ የሚያቀርቡበት። ጋሼ እንደነገሩን አሜሪካን የወደዱት በዛ ፕሮግራም ነው፣ ምክንያቱም ከዛ በፊት አሜሪካዊ ማለት ለሳቸው ወይ ወታደር ወይ የፊልም ተዋናይ ነበር፣ እዛ ላይ ግን ጓሮው ውስጥ የሆነ ነገር ሲገጣጥም የሚውል ጡረተኛ አዩ፣ አባታቸውን አስታወሳቸው። ከአቅራቢዎቹ ትንሹ ባይረን አለን ገና ጎረምሳ እንደነበርና በኋላ የራሱን የሚዲያ ድርጅት አቋቁሞ በ2018 የዌዘር ቻናልን እስከመግዛት እንደደረሰም ጨመሩ። እሳቸው ከኔ ጋር ሙሉ በሙሉ አልተስማሙም፣ ሪል ፒፕል ላይም ቀልድ ይበዛ ነበር፣ ቀልዱ ግን ሰውየውን አያሳንሰውም ነበር ነው ያሉት፣ እና ችግሩ ጥያቄው ሳይሆን ሰውየው የሚታይበት ዓይን ነው ብለው አሰቡ። ይሄ ሁለት ቀን ሙሉ ከጭንቅላቴ አልወጣም።

መልስ 5 ጋሼን ተከትሎ የዛኑ ዘመን ተፎካካሪ አነሳ፣ ኤቢሲ ላይ ዛትስ ኢንክሬደብል የሚባለውን፣ ታይገር ዉድስ በ5 ዓመቱ ጎልፍ ሲመታ የታየበት። እዛ ላይ ነገሩ ከተራ ሰው ወደ አደጋ ተንሸራተተ፣ በሞተር ሳይክል የሚዘል፣ በእሳት የሚያልፍ፣ የተጎዳም ሰው አለ። መልስ 6 ደግሞ የበለጠ ወደኋላ ሄዶ ከ1950 እስከ 1967 ሲቢኤስ ላይ የነበረውን ዋትስ ማይ ላይን አመጣ። ሰው ይመጣና ስሙን ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ አራት ታዋቂ ሰዎች ሥራውን በጥያቄ ብቻ ይገምታሉ፣ መልሱ አይደለም በሆነ ቁጥር እንግዳው 5 ዶላር ያገኛል፣ አስር አይደለም ሲሞላ 50 ዶላር ይዞ ይሄዳል። የኬንታኪ ዶሮው ኮሎኔል ሳንደርስ ሳይቀር በ1963 ቀርቦ ነበር። መልስ 6 ያየው ነገር ጥሩ ነው፣ እዛ ሥራው እንቆቅልሽ ነው፣ መልሱ ሲታወቅ ይጨበጨባል፣ ሰውየው ይሄዳል፣ ስለ ሥራው የሚያውቀውን ይዞት ይሄዳል።

ከዛ መልስ 7 መጣና ክሩን ተቆጣጠረው። ማይክ ሮው በ2008 ቴድ (የንግግሮች መድረክ ነው) ላይ የሚታየውን ንግግሩን ያደረገበትን የጠቦት ማኮላሸት ታሪክ ነው ያመጣው። ኮሎራዶ አንድ በግ አርቢ ጋ ከመሄዱ በፊት ለእንስሳት የሚቆረቆሩ ድርጅቶች ጋ ደውሎ ትክክለኛው መንገድ የቱ ነው ብሎ ጠይቋል፣ ላስቲክ ማሰር ነው ተባለ። እዛ ሲደርስ አርቢው በቢላ የቆለጡን ከረጢት ጫፍ ቆርጦ ፍሬውን በጥርሱ ስቦ አወጣው። ሮው ደንግጦ ቀረጻውን አስቆመ፣ በላስቲክ እንዲሰራ ጠየቀ። በላስቲክ የታሰረው ጠቦት ተንቀጥቅጦ ወደቀ፣ በጥርስ የተሰራው ግን ወዲያው ተነስቶ ይበላ ነበር። መልስ 7 ለኔ ጥያቄ መልሱ ይሄ ነው ነው የሚለው፣ ሰውየው እጁን ስላስገባ ነው የተማረው፣ ካሜራ ይዞ ዳር ቆሞ ቢሆን በጥርሱ የሚኮላሽ አረመኔ ብሎ አሳይቶ ይመለስ ነበር።

መልስ 8 የእንስሳት ሐኪም ነች፣ በትህትና ግን በጠንካራው አረመች። አንድ አቅራቢ አንድ ጠዋት ባየው ነገር ደንብ አይወጣም፣ ላስቲኩ ጠቦቱ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲታሰርና ካደገ በኋላ ሲታሰር ሕመሙ አንድ አይደለም፣ ከሁሉም ደህናው ደግሞ ማደንዘዣ ሰጥቶ መስራት ነው። ቡርዲዞ የሚባለው ትልቅ ጉጠት ቆዳውን ሳይቆርጥ የውስጡን ገመድ ብቻ እንደሚጨፈልቅም አስረዳች። መልስ 9 የሰሜን ሸዋ ልጅ ነው፣ አባቱ በእንጨትና በድንጋይ ሲቀጠቅጡ እሱ የኋላ እግሩን ይዞ እንዳደገ ጻፈ፣ የአባቱ እጅ የት ላይ እንደሚያርፍ እስከዛሬ ይታየዋል፣ አንዴ ብቻ ነበር የሚመቱት፣ ሁለተኛ አይደግሙም ነበር። ከ10 እስከ 12 ያለው የሙክት ዋጋ ነው፣ እለፉት። 13 ላይ እኔው ገብቼ እባካችሁ ወደ ቲቪው እንመለስ አልኩ።

መልስ 14 ሐረር ነው። ይሄ ወንድም ተቆጥቷል፣ መቆጣቱ ያምርበታል። የሐረር ጅብ አብላዎችን ለመቅረጽ የውጭ ካሜራ እየተመላለሰ ስንት ዓመቱ፣ ሁሌ ግን ያው ነው፣ ጨለማ፣ የሚያስፈራ ሙዚቃ፣ ሥጋ በእንጨት ጫፍ ላይ፣ እንጨቱ በሰው አፍ፣ የፈራ ቱሪስት፣ አለቀ። ማንም ጅቦቹ ስም እንዳላቸውና በስማቸው ተጠርተው እንደሚመጡ፣ ከመንጋው የበላይ የሆነችው ሴቷ እንደሆነች፣ አብላው የትኛዋ ቀድማ መብላት እንዳለባት ካላወቀ እዛው ፊቱ ጠብ እንደሚነሳ አይጠይቅም። የጀጎል ግንብ ላይ ጅብ የሚያልፍበት ቀዳዳ እንዳለና ሐረሪዎች ወራባ ኑዱል እንደሚሉትም ጻፈ፣ ጅቦቹ ማታ ገብተው የከተማውን ትርፍራፊ ያነሳሉ። እኔ ሐረር ሁለቴ ሄጃለሁ፣ ጅቡን አይቻለሁ፣ ቀዳዳውን ግን አላየሁትም፣ አልጠየቅኩማ።

መልስ 15 ጅብ ማብላት ሥራ ነው ወይ፣ አገር ለማሰደብ ነው ዓይነት ነገር ጻፈ። መልስ 16 የሐረሩ ልጅ ተመልሶ አንገቱን አስደፍቶታል፣ ዝርዝሩን አልደግመውም።

መልስ 17ን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ጅማ አካባቢ ያደገ ሰው ነው፣ ዘመዶቹ ጥሪኝ (ድመት የሚመስለውን የዱር እንስሳ) ያስቀምጣሉ። ወንዱን ብቻ ነው የሚይዙት፣ ጠበብ ባለ ረጅም የእንጨት ጎጆ ውስጥ፣ ቤቱ ውስጥ እሳት እየነደደ። ገንፎ፣ ሥጋ፣ እንቁላል ይበላል። በየ10 ቀኑ ገደማ ሁለት ሰው ሆኖ አንዱ ጅራቱንና እግሩን ይይዛል፣ ሌላው ከጅራቱ ስር ካለው ከረጢት ዝባዱን (ለሽቶ የሚሆነውን ቅባት) በማንኪያ ይፍቃል፣ እንደ ቅቤ ያለ ነገር ነው፣ ከዛ በበሬ ቀንድ ይጠቀጠቃል። ያ ቀንድ ፈረንሳይ ድረስ ይሄድ ነበር፣ ሽቶው ቶሎ እንዳይጠፋ ነው የሚጨመረው፣ አሁን ትልልቆቹ ሽቶ ሰሪዎች በብዛት ወደ ላብራቶሪው ዞረዋል። ልጁ አልሸሸገም፣ እንስሳው በዛ ጎጆ መታፈኑ ትክክል እንዳልሆነ ራሱ ጽፏል፣ ግን አጎቱ ቀንድ አንስቶ አሽትቶ ምን ያህል ቅቤ እንደተቀላቀለበት ይናገር እንደነበርና ያን የሚጠይቅ ሰው ሳይመጣ እንደሞተ ነገረን። እዛ ላይ እኔ ስልኬን አስቀምጬ ውጭ ወጣሁ።

መልስ 18 ኩዌት ያለች እህታችን ናት፣ እኔን ነው የተቆጣችው። ለየት ያለ ሥራ የሚለውን ቃል ከየት አምጥተህ ነው፣ የማን ሥራ ተራ የማን ሥራ ለየት ያለ እንደሆነ የሚወስነው ማነው አለችኝ። እሷ ከአልጋ የማይነሱ አሮጊት ስታስታምም 7 ዓመቷ ነው፣ ሌሊት በየሁለት ሰዓቱ ተነስታ ታገላብጣቸዋለች፣ ተረከዛቸው ፍራሹን እንዳይነካ ከባታቸው ስር ትራስ ታደርጋለች፣ ቆዳው ላይ ቀላ ያለ ቦታ ካየች በጣቷ ተጫን አድርጋ ትለቃለች፣ ተጭኖ ሲለቀቅ ነጣ ካላለ ቁስል ሊጀምር ነው ማለት ነው። በ7 ዓመት አንድ የአልጋ ቁስል አልወጣባቸውም። ይሄን የሚጠይቃት ቲቪ የለም፣ የዓረብ አገር ሴት ቲቪ ላይ የምትቀርበው ስትመታ፣ ስትወድቅ፣ አስከሬኗ ሲመጣ ብቻ እንደሆነ ጻፈች። ልክ ናት። አርዕስቱን ልለውጠው ፈልጌ ነበር፣ ሰው እንዳይጠፋው ብዬ ተውኩት፣ ግን ልክ ናት።

መልስ 19 እሷን የሚያንጓጥጥ ነገር ጻፈባት፣ ከ20 እስከ 22 ሰው ሁሉ ተነሳበት፣ አንዱ ስድብ ስለነበረበት አድሚን አጠፋው። እህቴ መልስ 19ን ስላላጠፉት ከክሩ ወጥተሻል መሰለኝ፣ ከተመለስሽ ሁሉም እንደሚፈልግሽ እወቂ።

መልስ 23 የታሪክ አስተማሪ ነው፣ ነገሩን አበረደው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ባለሙያን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው እንደነበር አስታወሰን። አዋጁ ስድቦቹን አንድ በአንድ ይጠራቸዋል፣ ብረት የሚሰራውን ጠይብ፣ ሸማ የሚሰራውን ቁጢት በጣሽ፣ ነጋዴውን መጫኛ ነካሽ ማለት ይቅር ይላል። የአስተማሪው ሐሳብ ጋዜጠኛዋ የአጎቴን ሽታ ስትጠይቅ ክፋት ኖሯት ሳይሆን ከኋላዋ ብዙ መቶ ዓመት ቆሞ ስለሚያስጠይቃት ነው የሚል ነው። መልስ 24 አዋጅ ምን ለወጠ፣ አያቱ ሸክላ ሰሪ ስለነበሩ በሠርግ ለብቻቸው ይቀመጡ እንደነበር ጻፈ፣ በዓይኑ ያየው ነው።

መልስ 25 ራሱ የቲቪ ካሜራማን ነው፣ ጣቢያውን አልጠቀሰም እኔም አልጠየቅኩትም። ለሙያው ተከላከለ። መኪናው የሚሰጣቸው ለአንድ ቀን ነው፣ በዛ ቀን ሦስት ባለታሪክ መቅረጽ አለባቸው፣ ኤዲተሩ ደግሞ እንባ ያለበትን ያስቀራል፣ ቱቦ ያለበትን ይቆርጣል፣ ስፖንሰሩም የሚፈልገው የሚያስለቅሰውን ነው። እኔ እዚህ ላይ በቁጣ መለስኩለት (26 እኔ ነኝ)፣ ስድስት ደቂቃ ለማስለቀስ ከበቃ ሁለቷን ለቱቦው መስጠት ምን ይጎዳል ብዬ። አሁን ሳነበው ድምፄ ከፍ ብሏል፣ ሐሳቤን ግን አልቀይርም።

27 ላይ የእርግብ አርቢዎች ገቡ፣ ኮልፌ አንድ ሰው ከሩቅ በክንፏ አመታት ብቻ የማን እርግብ እንደሆነች ያውቃል ተባለ፣ ደስ ይላል፣ ለብቻው ክር ክፈቱለት። 28 ሲኤምሲ አካባቢ የሚመጥ መኪና ስልክ ጠየቀ፣ በውስጥ ሰጥቼዋለሁ።

መልስ 29 ኢንጂነር ነው፣ ልቤን የነካው እሱ ነው፣ ምክንያቱም አጎቴን እንደ ባለሙያ የጠየቀው የመጀመሪያው ሰው ነው። ፓምፑ እኮ አይስብም ይላል፣ ፓምፑ ታንከሩ ውስጥ ያለውን አየር ነው የሚያወጣው፣ ፍሳሹን ወደላይ የሚገፋው የውጭው አየር ነው፣ ስለዚህ ባሕር ጠረፍ ላይ እንኳን ውሃን ከ10 ሜትር ብዙም የማያሳልፈው አየር አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ቀለል ስለሚል ከ8 ሜትር በታች ነው አቅሙ፣ ለወፈረ ነገር ደግሞ ከዛም ያንሳል። እና አጎትህ ጥልቅ ጉድጓድ ሲገጥመው ምን ያደርጋል ብሎ ጠየቀ።

መልስ 30 ላይ ጠይቄው እመለሳለሁ አልኩ። እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ ቤቱ ሄድኩ፣ ቡና እየተፈላ ጥያቄውን አነበብኩለት። ወንበሩን ወደኔ ሳበው። አንድ ሰዓት ያህል አወራኝ፣ መልስ 31 ላይ ያለው ሁሉ የሱ ነው፣ እኔ ጸሐፊ ብቻ ነኝ። ስድስት ሜትር ካለፈ ቱቦውን ሙሉ ለሙሉ አይነክረውም፣ አፉን ግማሹን ከፍሳሹ በላይ ትቶ አየርና ፍሳሽ አንድ ላይ እንዲገባ ያደርጋል፣ አየሩ እያቆራረጠ ስለሚያቀለው ይወጣለታል። ይሄን ማንም አላስተማረውም፣ ከፍቶ ዘግቶ ነው የደረሰበት። ከስር የረጋውን መጀመሪያ ውሃ ለቆ በረጅም እንጨት ያማስለዋል። ጨርቅ ሲገባበት ከድምፁ ይለያል፣ ፓምፑ ቱቦው ባዶ ሲሆን ያፏጫል፣ ጨርቅ ሲይዘው ያቃስታል፣ ሲያቃስት ቶሎ ካልዘጋ ቱቦው እጁ ላይ ይዘላል። ክዳን ሲከፈት ሁሌ ነፋሱ ከጀርባው እንዲመጣ አድርጎ ይቆማል፣ ሲጋራ የያዘ ሰው ካለ ሥራ ያቆማል፣ ጉድጓድ ውስጥ ስልክ ወደቀብኝ የሚል ሰው ቢለምነው አንገቱን አያስገባም፣ ማንንም አያስገባም፣ አንድ ጓደኛውን እንደዛ አጥቷል። ሽታውንም በራሱ ጊዜ አነሳው። የሚሸት ጉድጓድ አያስፈራውም፣ የሚያስፈራው ሲሸት ቆይቶ ድንገት መሽተት ያቆመ ነው። 29 ወዲያው ተመልሶ አረጋገጠ፣ ጋዙ ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል፣ ሰው ጠፋ ሲል ነው የሚገድለው።

ጋዜጠኛዋ ስለ ሽታው አንድ ጥያቄ ብትቀጥል ኖሮ እዚህ ትደርስ ነበር።

መልስ 32 ጋሼ ናቸው፣ እጅ ይባረክ ብለው ለአጎቴ ሰላምታ ላኩ፣ አድርሻለሁ። መልስ 33 ካሜራማኑ ተመልሶ መጣ፣ ኤዲተሩን አናግሮ እንደገና ቢመጡ አጎቴ ፈቃደኛ ይሆን እንደሆነ ጠየቀ። ትናንት ማታ ደወልኩለት። ትንሽ ዝም አለና ይምጡ አለ፣ ግን ጠያቂው ጓንት አድርጎ የቱቦውን ሌላኛውን ጫፍ ይያዝልኝ፣ ረዳቴን ያን ቀን አሳርፈዋለሁ አለ። ይሄን 34 ላይ ጽፌዋለሁ፣ ካሜራማኑ አይቶታል፣ መልስ እየጠበቅን ነው።